የጣርማ በርና የይፋት አዕዋፍ፤ ከወንጭፍ እስከ መነጽር

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ደጋው ሜዳ በድንገት ተቆርጦ ገደል በሚሆንበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለው በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናንና አርማንያን እያለፈ ሲወርድ፣ ፀሓይ ብዙ ሳትራመድ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሸዋ ሮቢት ቆላ ይደርሳል። በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ ከአስታና ከጅብራ አገር ወደ ግራርና ወደ ፓፓያ አገር መውረዱን ገላው በሙቀቱ ያውቀዋል፤ አንገቱን ቀና የሚያደርግ ሰው ከሆነ ግን አዕዋፉ አስቀድመው ይነግሩታል። በገደሉ አፋፍ ላይ አጥንት ከሰማይ ወደ ዐለት ጥሎ የሚሰብረው ጢማም አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ሲንሳፈፍ ያየ ዓይን፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሸዋ ሮቢት ጓሮዎች ሰማያዊ ጀርባውና ቀይ ሆዱ በፀሓይ የሚያብለጨልጭ የቆላ ወፍ ከማንጎ ጥላ ሥር ሲለቅም ያገኛል። ለአዕዋፍ ወዳጅ በሸዋ ምድር ከዚህ ገደል የሚበልጥ ስፍራ ያለ አይመስለኝም፤ በዚህም ስፍራ ሰው ወፍን እንዴት እያየ እንደ ኖረ፣ ከጥንቱ ጀምሬ በየዘመኑ ቅደም ተከተል ለመተረክ እወዳለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፍና የሥዕል ምስክር ፈልጎ ወደ ኋላ ለሚሄድ፣ በአገራችን ወፍን አተኩሮ የማየት ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይጀምራል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ተጠብቀው የኖሩት፣ ሊቃውንት ብራናቸውን መርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸውን የመሰከሩላቸው ወንጌሎች፣ የአራቱ ወንጌላውያን ቃል በሰንጠረዥ በሚነጻጸርባቸው ገጾች ላይ፣ በዓምዶቹና በቅስቶቹ ዙሪያ አዕዋፍ ተሥለውባቸዋል። በዚያው በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ደግሞ የፍጥረታትን ጠባይ እያስቀደመ ምሥጢሩን እያስከተለ ያስተምራል፤ ንስር ባረጀ ጊዜ እንዴት እንደሚታደስ፣ ጅንጅላቴ ወፍ ያረጁ ወላጆቿን እንዴት እንደምትጦር ይተርካል። ፍሪትዝ ሆመል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ግእዙን በ1877 በላይፕሲክ አሳትሞታል። የዛሬ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ይህን ትረካ እንደ ዕውቀት ባይቀበሉትም፣ ወፍ የራሷ ጠባይ ያላትና ሰው ቆም ብሎ ሊያጠናት የሚገባ ፍጥረት መሆኗን አባቶቻችን ከዚህ መጽሐፍ ተምረው ከ1,000 ዓመት በላይ ኖረዋል።

ከመጻሕፍቱም ሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ልብ የተተከለው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት የነበረውን ይህን ሊቅ፣ ስንክሳሩ እንደሚተርከው፣ ከኤደን ገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ በሰው አንደበት አነጋግረው ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ነጥቀው ወሰዱት፤ በዚያም ከ24ቱ ካህናተ ሰማይ የሰማውን ማሕሌት ይዞ ተመልሶ ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለቤተ ክርስቲያን አስተማረ። የዝቋላው ጻድቅ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሲሣል፣ ውሃ የጠማት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያል። በሁለቱም ታሪክ ወፍ ወደ ሰው የምትመጣው ሳትጠመድና ሳትሳደድ በገዛ ፈቃዷ ነው፤ ሰውየውም ሳይንቀሳቀስ ይቀበላታል። አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እለምናለሁ፤ በኋላ የመጣው ታሪክ ከዚህ ብዙ ርቆ ከሄደ በኋላ ወደዚሁ የሚመለስ ነውና።

ከገደሉ ግርጌ ያለው የይፋት ቆላ ግን ወፍን ያየው በሌላ ዓይን ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተነሥቶ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በወላስማ ነገሥታት ሥር የቆየው የይፋት ሱልጣኔት በንግዱ ዝነኛ ነበር፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ ስለዚህ አገር ሲጽፍ ማሽላውንና ጤፉን፣ ሙዙንና ሎሚውን፣ ሸንኮራ አገዳውንም ጭምር ይዘረዝራል። ማሽላ ባለበት ግሪሳ አለ። ስለዚህ እሸቱ ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ፣ ልጆችና ጎልማሶች በማሳው መካከል በቋሚ እንጨቶች ላይ ከተሠራው ማማ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ ጅራፍ እያጮሁ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ሰማዩን ይመለከታሉ። ይህ ልማድ ዛሬም በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በቀወትና በአካባቢው ቆላ ሁሉ ያለ ነው።

የማማ ጠባቂ የሚያውቀውን ነገር አቅልሎ ማየት አይገባም። ግሪሳ ማለዳና ወደ ማታ በርትታ እንደምትመጣ፣ በቀትር በግራር ጥላ እንደምታርፍ፣ ዝናብን ተከትላ አገር ለአገር እንደምትዞር፣ የጎጆዋም መንደር በእሾሃማ ዛፍ ላይ በሺህ በሺህ እንደሚሠራ ጠባቂው ከአባቱ ተምሮ ያውቃል። አንዷ ግሪሳ በቀን ወደ 10 ግራም የሚጠጋ እህል ትበላለች፤ እንግዲህ አንድ ሚሊዮን የሚሆን መንጋ ቢሰፍር በአንድ ቀን 100 ኩንታል ይጠፋል ማለት ነው፤ መንጋው ከዚህም የሚበዛበት ጊዜ አለ። ስዊድናዊው ሊኔዎስ ለዚህች ወፍ በ1758 የሊቃውንት ስም ሲያወጣላት፣ የይፋት ልጆች ጠባይዋን ካወቁት ብዙ መቶ ዓመታት አልፎ ነበር። ዕውቀታቸው ግን በወንጭፍ ድምፅና በአባት ምክር ሲተላለፍ ኖረ እንጂ በብራና የጻፈላቸው አልተገኘም፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

ከቆላው በላይ፣ በጣርማ በርና በአንኮበር መካከል ገደሉን ተንተርሶ የቆመው የወፍ ዋሻ ደን፣ ጽዱንና ዝግባውን፣ ወይራውንና ኮሶውን እንደ ያዘ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኘውን የመናገሻን ደን ሲያስተክሉ የጽዱን ዘር ያስመጡት ከዚህ ከወፍ ዋሻ ነው። በዚህ ደን ውስጥ ነጭ ጉንጭና አረንጓዴ ገላ ያላት ሶሪት፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል የተሰወረ የክንፏን ቀይ ድንገት ገልጣ ታሳያለች፤ ግንደ ቆርቁር የደረቀውን ግንድ ይመታል፤ ጋጋኖም ማለዳ በመንጋ እየጮኸ ወደ መስኩ ይወጣል። ንጉሥ ያስከበረው ደን የአዕዋፍ መጠጊያ ሆኖ መቅረቱን ያየ ሰው፣ የዛፍ ታሪክና የወፍ ታሪክ ተለያይተው ሊጻፉ እንደማይችሉ ይረዳል።

የባሕር ማዶ ሰዎች ስለ አዕዋፋችን መጻፍ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ፣ ሰውን እየጠራች ወደ ንብ ቀፎ የምትመራውን ማር መሪ ወፍ ጠቅሶ ጽፎላታል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1770 አካባቢ በሊማሊሞ ተራራ ላይ የደረሰበትን ሲተርክ፣ አገልጋዮቹ የፍየል ሥጋ ቀቅለው ለመብላት በተሰበሰቡበት ጊዜ ጢማሙ አሞራ ቀስ ብሎ መጥቶ በመካከላቸው እንደ ወረደ፣ እግሩን ወደሚፈላው ድስት እንደ ሰደደ፣ ተቃጥሎም ሌላውን ሥጋ ነጥቆ እንደ በረረ ይናገራል። የአገሩ ሰዎች ተመልሶ እንደሚመጣ አስረግጠው ነገሩት፤ ወፉም እንዳሉት ተመለሰ፤ ብሩስም ተኩሶ ገደለው። የወፉን ጠባይ ያወቁት የአገሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ክንፉን ለክቶ በመጽሐፍ ያስነበበው ጠመንጃ የያዘው እንግዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለ100 ዓመት ያህል የአዕዋፋችን ታሪክ በዚሁ መንገድ ሄደ።

የብሩስ መጽሐፍ የታተመው በ1790 ነው። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1789፣ ጊልበርት ዋይት የተባለ እንግሊዛዊ የገጠር ካህን ሰልቦርን በምትባል መንደሩ ከጓሮውና ከአጥቢያው ሳይርቅ ያየውን የአዕዋፍ ነገር አሳትሞ ነበር። ይህ ካህን፣ መልካቸው እጅግ የሚመሳሰል ሦስት ትናንሽ ቅጠል ለቃሚ ወፎችን በዜማቸው ብቻ ለይቶ ሦስት ነገድ መሆናቸውን ያስታወቀ አስተዋይ ሰው ነበር። ሆኖም በክረምት ከአገሩ የሚጠፉት ጨረባዎች ወዴት እንደሚሄዱ ሲጨነቅ፣ ምናልባት ከእነርሱ አንዳንዶቹ በዚያው በጉድጓድ ተደብቀው ይተኙ ይሆን እያለ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተጠራጠረ። ከአውሮጳ ብርድ ከሚሸሹት ጨረባዎች ብዙዎቹ በዚያው ወራት በአፍሪካ ሰማይ፣ በእኛም አገር ከከብቶች መንጋ በላይ ዝንብ እያሳደዱ ይበሩ ነበር፤ በዜማ ከለያቸው ትናንሽ ወፎችም ሁለቱ ከጥቅምት በኋላ በደጋው ጓሮዎች ቅጠል ለቅጠል ሲመላለሱ ይገኛሉ። አንዱ አገር ጥያቄውን፣ ሌላው አገር መልሱን ይዞ ሳይተዋወቁ የቆዩበት ዘመን ነበር።

ከ1831 እስከ 1833 ከምፅዋ ተነሥቶ ስሜንንና ጎንደርን የዞረው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል የሰበሰበው ሀብት እጅግ ብዙ ነው። ሶሪትን በ1835፣ ምንቃረ ወፍራሙን የደጋ ቁራ በ1836፣ ጋጋኖንና አንገተ ነጯን የገደል እርግብ በ1837 ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀው እርሱ ነው። ዛሬ በደብረ ሲና በማንም ቤት ጣራና አጥር ላይ የሚታዩ ወፎች የሊቃውንት ስማቸውን ያገኙት በነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ከአዕዋፉ ቆዳ ጋር የግእዝ ብራናዎችንም ወደ አገሩ ወስዷል፤ ብሩስም መጽሐፈ ሄኖክን ወስዶ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ወፉም መጽሐፉም በአንድ ጭነት ይሄዱ ነበር።

ሸዋና ይፋት ወደዚህ ታሪክ በሚገባ የገቡት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በይፋት ቆላ በኩል በዓልዩ አምባ አልፎ ወደ አንኮበር የወጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ዊልያም ሐሪስ፣ ሮት የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ፍጥረት ሊቅ አስከትሎ ነበር። ሐሪስ ራሱ ከወፍ ይልቅ ዝሆንና ጎሽ የሚያሳድድ አዳኝ ስለ ነበረ በእርሱ ላይ አልዘገይም። በዚህ አገር አዕዋፍ ላይ ዘላቂ ሥራ የተሠራው ከዚያ 35 ዓመት ቆይቶ ነው።

በ1876 የኢጣልያ መልክዐ ምድር ማኅበር የላከው ቡድን አንኮበር ሲደርስ፣ መሪው ኦራትዚዮ አንቲኖሪ የ65 ዓመት ገደማ ሽማግሌ ነበር። የፔሩጃ ተወላጅ የሆነው ይህ ሰው፣ ወጣትነቱን አዕዋፍን በማጥናት ያሳለፈ፣ ወደ ሸዋም ከመምጣቱ በፊት በአባይ አገሮች ብዙ የተንከራተተ መንገደኛ ነው። ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር በታች ሌት ማረፊያ የተባለውን መሬት ሰጡት፤ አንቲኖሪም በዚያ ቤት ሠርቶ፣ አትክልት ተክሎ፣ የመጡ መንገደኞች የሚያርፉበት የጥናት ጣቢያ አቋቋመ። በአደን ላይ በደረሰበት የጠመንጃ አደጋ ቀኝ እጁ ከተጎዳ በኋላ እንኳ ሥራውን አላቋረጠም። ከደኑ፣ ከገደሉና ከቆላው የተሰበሰቡት አዕዋፍ በሣጥን እየተጫኑ ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ሄዱ፤ ቶማዞ ሳልቫዶሪ የተባለው የቶሪኖ ሊቅም መርምሮ ስለ ሸዋ አዕዋፍ ዝርዝር መጽሐፍ በ1884 አወጣ። አንቲኖሪ ግን ያን መጽሐፍ አላየም፤ በ1882 ነሐሴ ወር በሌት ማረፊያ ዐርፎ በዚያው በሾላ ዛፍ ሥር ተቀብሯል።

ስለዚህ ሰው ሳስብ ሁለት ስሜት በአንድነት ይመጣብኛል። ብዙ ወፍ ገድሏል፤ የዚያ ዘመን ሥርዓት ያለ መግደል ማወቅን አያውቅም ነበር፤ አጉልቶ የሚያሳይ ጥሩ መነጽር፣ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ፣ ቀለሙን የሚጠብቅ ፎቶግራፍ ገና አልነበረምና። ነገር ግን እንደ ሌሎቹ በአገሩ ላይ አላለፈም፤ በአንድ ጓሮ ተቀምጦ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ያየ፣ ሸዋ ውስጥ ኖሮ ሸዋ ውስጥ የሞተ ነው። ወጥመዱን ያጠመዱለት፣ ጎጆውን ያሳዩት፣ ገደሉን የመሩት የአንኮበርና የይፋት ሰዎች ስም ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የአንቲኖሪን ሥራ የቀጠለው ሐኪሙ ቪንቼንሶ ራጋትሲ ከ1884 እስከ 1886 የሰበሰባቸውን አዕዋፍ ሳልቫዶሪ በ1888 ሲመረምር፣ ከመካከላቸው ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ምልክት ያላት፣ ገላዋ አመድማ የሆነ አንዲት ትንሽ ዘር ለቃሚ ወፍ አገኘ። ከዚህ በፊት ማንም አልጻፈባትምና ጉሮሮ ቢጫ ብሎ የሊቃውንት ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ይህች ወፍ ከሊቃውንት ዓይን ጠፋች፤ ለ100 ዓመት ያህል በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ካሉት ጥቂት ቆዳዎች በቀር ሕያዋን አልታዩላትምና፣ አንዳንዶቹ ሊቃውንት ከሁለት ነገድ የተዳቀለች እንጂ ራሷን የቻለች ወፍ አይደለችም እስከ ማለት ደረሱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ መቶ ዓመት በአጭሩ አልፈዋለሁ። ሎርድ ሎቫትና ዌልድ ብላንደል በ1899 በሸዋ ከጀማ ወንዝ ሸለቆ የምትገኘውን ቆቅ አስታወቁ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ጣርማ በር ተፈልፍሎ የመኪና መንገድ ወጣበት፤ በዚያው ዘመን በ1938 ሞልቶኒ የተባለ ኢጣልያዊ ከቦረና የተገኘውን እንግዳ የቁራ ዘመድ ገለጸ። ዋሻው ለጦር ተሠርቶ ለሁላችን መንገድ ሆነ፤ በኋላ ዘመን የመጡትን የአዕዋፍ ተመልካቾችም ከደጋው ወደ ይፋት ያወረዳቸው እርሱ ነው።

ዘመኑ የተለወጠው በ1960ዎቹ ነው። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ ጠመንጃ ያልያዙ፣ ወፍ ለማየት ብቻ ማለዳ የሚነሡ ሰዎች በአንድ ስም የተሰበሰቡበት የመጀመሪያው ጉባኤ ይህ ይመስለኛል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆነው የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር በ1971 አሳተሙ። በዚያው ዘመን ደግሞ በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አውሮፕላኖች በግሪሳ መስፈሪያ ላይ መርዝ ይረጩ ነበር። ገበሬው ማሽላውን ማዳን ይገባዋል፤ መርዙ ግን ግሪሳን ከድንቢጥ፣ የሞተችውንም ግሪሳ ከሚያነሣት ጭልፊት አይለይም፤ የማማው ጠባቂ ድንጋይ ከዚህ ይልቅ ዒላማውን ያውቅ ነበር።

ዶክተር ጆን አሽ የተባሉት እንግሊዛዊ ከ1969 እስከ 1977 በአዲስ አበባ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ጣቢያ ሠርተዋል። ጣቢያው አዕዋፍና መዥገሮቻቸው ከአገር አገር ይዘውት የሚዞሩትን በሽታ ያጠና ስለ ነበረ፣ እርሳቸውም በቀጭን መረብ ወፎችን ይይዙ፣ በእግራቸው ቀለበት አድርገው ይለቁ ነበር፤ ወፍን ይዞ መልሶ መልቀቅ፣ በሌት ማረፊያ ዘመን ያልታሰበ ነገር፣ አሁን የዕውቀት መንገድ ሆነ። በ1976 አሽ በአንኮበር አቅራቢያ፣ ነፋስ በሚመታው በገደሉ ከንፈር ላይ፣ ከዚህ በፊት ያላወቋቸውን ትናንሽ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር ወፎች አዩ። ወፎቹ በመንጋ ሆነው ከቋጥኙ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ቋጥኙ እየበረሩ ዘር ይለቅሙ ነበር፤ ሲመረመሩም ለዓለም ሁሉ አዲስ ሆነው ተገኙ። አሽ በ1979 ሲያስታውቋቸው በአንኮበር ስም ጠሯቸው።

ያች ወፍ በቀለም ከሚያሸበርቁት አንዷ ብትሆን ኖሮ ከሳልቫዶሪ ባላመለጠች ነበር እላለሁ። አንቲኖሪና ራጋትሲ ከዚያው ገደል ሥር ለዓመታት ኖረው፣ ሰብሳቢዎቻቸው በዙሪያው ሁሉ ተዘዋውረው፣ ይህችን ደብዛዛ ፍጥረት ሳይለዩ አለፉ፤ በደጋው ላይ ከብት የሚጠብቁት እረኞች ግን በየቀኑ በእግራቸው ሥር ሲያስነሷት ኖረዋል። ቆይቶም በስሜን ተራሮች ተገኝታለች። ቢጫ ጉሮሮዋም ወፍ ብትሆን ጠፍታ አልቀረችም፤ በ1989 አሽ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ከአንኮበር ወደ ቆላ በሚወርደው በረሃማና ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ በሕይወት አገኟትና፣ ከ100 ዓመት በፊት ሳልቫዶሪ እውነቱን እንደ ጻፈ ተረጋገጠ። በአንድ ገደል ላይ፣ አንዷ በአፋፉ አንዷ በግርጌው፣ ሁለት እንዲህ ያሉ ወፎች መኖራቸው ለጣርማ በርና ለአንኮበር አገር ሰው ሁሉ ኩራት ሊሆን ይገባዋል።

በ1996 የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ በኢትዮጵያ ለአዕዋፍ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን 69 ስፍራዎች መርምሮ ሲያሳትም የአንኮበርና የደብረ ሲና ገደል ከእነርሱ አንዱ ሆነ። በ2009 ደግሞ አሽ ከጆን አትኪንስ ጋር የኢትዮጵያንና የኤርትራን አዕዋፍ ስርጭት በካርታ የሚያሳይ መጽሐፍ አወጡ፤ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ቀንድ አዕዋፍ በሥዕል የተዘጋጁበት መጽሐፍ ታትሞ ተመልካቹ በኪሱ ሊይዘው ቻለ። በአገራችን ከ850 የሚበልጡ የአዕዋፍ ነገዶች መታየታቸው ዛሬ ይታወቃል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በደጅ የሚሠራ ነው። በደብረ ሲናና በጣርማ በር ጓሮዎች ከክረምት በኋላ ራስ ክምርና ቆርች ሲያብቡ፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችው አበባ ቀሳሚ ወፍ ወንዱ በወይን ጠጅ ቀለም እያብለጨለጨ ይመጣል፤ የአንኮበሯ ወፍ የቅርብ ዘመድ የሆነችው ቡናማዋ ዘር ለቃሚም ከደጃፍ እስከ ወጥ ቤቱ በር ትደርሳለች። በዘመነ ጽጌ ልጆች የመስቀል ወፍ መጣች ይላሉ፤ በብዙ ቦታ በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ግን ከየትም አልመጡም። ወንዶቹ በበጋው ወራት ከእንስቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ቡናማ ለብሰው በመንጋ መካከል ሳይታወቁ ይኖሩና፣ ዝናብ ሲመጣ ላባቸውን ለውጠው ቢጫና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ይሆናሉ፤ አንዳንዱም ከገላው የሚረዝም ጭራ ያወጣል። ይህን ለማረጋገጥ ከአንድ ጓሮ ሳይርቁ ከሰኔ እስከ ጥቅምት በትዕግሥት ማየት ይበቃል።

በእርግጥ ከሩቅ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮጳና ከእስያ የሚነሡት አዳኝ አሞሮች በባብ ኤል መንደብ በኩል ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ፤ በ1987 መጸው ከጅቡቲ በኩል በተደረገ ቆጠራ ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ ተቆጥረዋል። ከእነርሱ ጋርና ከእነርሱ በኋላ ትናንሾቹ ይደርሳሉ፤ ቢጫ ሆድ ያላቸው ጭራ ወዝዋዦች በሸዋ ሮቢት የመስኖ ቦይ ዳር ይመላለሳሉ፤ የሰልቦርኑ ካህን በዜማ የለያቸው ቅጠል ለቃሚዎችም በብርቱካኑና በማንጎው ውስጥ ቅማል እየለቀሙ ለገበሬው ሳይታዘዙ ይሠራሉ።

በሸዋ ሮቢት ቤቱን በወፍ ለማስጎብኘት የሚወድ ሰው ግን ከባሕር ማዶ ሰዎች ልማድ አንዱን ባይወስድ ይሻለዋል። በእንግሊዝ አገር ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር መጨረሻ የጓሮ ወፍ የሚቈጠርበት ቀን አለ፤ ሰዎቹም በብርዱ ወራት ዘርና ስብ በየአትክልቱ ይሰቅላሉ። በይፋት እህል መበተን ጎረቤት በማማ ላይ የሚያባርራትን ግሪሳ መጥራት ነው። በዚያ ፈንታ፣ ምድሩ በሚደርቅበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ዳግመኛም ከበልጉ በኋላ በግንቦትና በሰኔ፣ ጥልቀት የሌለው የሸክላ ሳህን ውሃ በጥላ ሥር፣ ድመት ከማይደበቅበት ቦታ ቢቀመጥና በየቀኑ ታጥቦ ቢሞላ፣ ነፍሳት የሚበሉትም፣ ፍሬ የሚበሉትም፣ አበባ የሚቀስሙትም ይመጣሉ። ከፓፓያው ጫፍ አንዲት የበሰለች ፍሬ ሳይለቀም ቢተው፣ ጭራ ረጃጅሞቹ አመድማ ወፎች በቅርንጫፉ ተንጠልጥለው ይበሏታል፤ ሬትና ቆርች በአጥሩ ላይ ቢተከሉ አበባ ቀሳሚዎቹ ከሁሉ ቀድመው ያገኟቸዋል። ወፉ የታየበት ቀን፣ ሰዓቱና የሚሠራው ሥራ በደብተር ላይ ሲጻፍ ደግሞ፣ የማማ ጠባቂው አባቶቹ ያወቁት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋት ሰው እጅ ተጽፎ ይቀመጣል።